ለክብር እንግዳ ጀርባውን የሰጠ ቤት

እናት የሆነች ሴት እጇ ሥራ አይፈታም። የራሷ ሥራ ቢያልቅ የልጇን ነጥቃ ትሠራለች። ልጁ መጥረጊያ ይዞ ጎንበስ ሲል፣ ቆሻሻውን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ አልጋው ሥር ሊገፋው መሆኑ ገና ከአያያዙ ይታወቀንና «ተወው፣ እኔ ልሥራልህ» እንላለን። ልጅቷ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላውና ጣቷ የተጣሉ ይመስለንና «ተይው፣ እኔ ልሥራልሽ» እንላለን። ይህች ቃል አፋችን ላይ ተቀምጣ ነው የምትውለው። ፍቅር ናት ብለን ነው የምንላት፤ ፍቅርም ናት። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሿ ችኮላ ናት። ልጅ እስኪለምድ ቆሞ የሚጠብቅ ማን አለ? ምሳ ይደርሳል፣ ሰላት ይደርሳል፣ የቧንቧው ውሃም መጥቶ ሳይቀዳ ይሄዳል።

በዚህች ቃል እንደ ትምህርት ቤት የተጠቀመ የለም። ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ «የእጅ ሥራ» የሚባል ነገር አለ። መምህሩ የእጅ ሥራ አምጡ ይላል፣ ልጁ ቤት መጥቶ መታዘዙን ይናገራል፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ከጉዳዩ ይወጣል። እናት ትሰፋለች፣ አክስት ትጠልፋለች፣ ጊዜ ያጣ ከገበያ ይገዛል፤ ልጁ በፌስታል አንጠልጥሎ ወስዶ ውጤቱን ይቀበላል። ጅግጅጋ ውስጥ እኛ ሠፈር አንድ ሰፌድ ነበረች። ማን እንደሰፋት በውል የሚያውቅ የለም። ከቤት ቤት በውሰት እየዞረች የሠፈሩን ልጆች ከክፍል ክፍል አሳልፋለች። የሚገርመው ውጤቷ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ ከጎበዝ ተማሪ ጋር ስትሄድ ሙሉ ታመጣለች፣ ከሰነፍ ጋር ስትሄድ ግማሽ። ሰፌዷ ግን ያቺው ሰፌድ ናት። አንደበት ቢኖራት ስለ ፍርድ ብዙ በነገረችን ነበር።

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ይህን የማወራችሁ ነገር የሆነ ጊዜ ልጄ ሰሚራም ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ እኩል ደርሰን ነበር ማለት ነው። ስለ ሰሚራ ጉብዝና ከእኔ አፍ ብትሰሙት ጉራ ስለሚመስላችሁ ባጭሩ ልበለው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ ናት። ማሻአላህ በሉልኝና ልቀጥል።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሁልጊዜ አንደኛ የሆነ ልጅ ያልቻለውን ነገር ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። ሰሚራ ፈተና ላይ አንዲት ጥያቄ ከሳተች ምሳዋ አይወርድላትም። የማትችለውን ነገር ደግሞ ጭራሽ አትነካውም፤ አልችልም ግን አትልም፤ ነገሩን ራሱን ታጣጥለዋለች። ገመድ መዝለል አልሆንላት ሲል ገመድ መዝለል የሕፃን ጨዋታ ሆነ። ብስክሌት አልታዘዝ ሲላት ብስክሌት ጫማ ያበላሻል ተባለ። እኔም በበኩሌ ደስ ይለኝ ነበር፤ የሌላው ሰው ልጅ ጉልበቱ ተልጦ ሲገባ የእኔዋ ንጹሕ ሆና ትገባለቻ። ጉልበት አንድ ቀን መላጡ እንደማይቀርና ሲዘገይ ደግሞ ጉልበቱም አብሮ እንደሚያድግ አላሰብኩም።

መምህር ጌታሁን የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ወጣት ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ከነፋሳችን ጋር አልተግባቡም። ጅግጅጋን ለማታውቁ፤ ከካራማራ በኩል የሚነሳው ነፋስ የሰውን ሰላምታ ከአፉ ነጥቆ ለሌላ ሰው የሚያደርስ ነፋስ ነው። ሴቱ ጅልባቡን፣ ወንዱ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነው የሚሄደው። መምህር ጌታሁን ግን አንድ እጁ ጠመኔ፣ ሌላው ደብተር ስለያዘ ኮፍያውን ለነፋሱ ሰጥቶ ቀረ።

ይኸው ሰው በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ዘንድሮ ከቤት ተሠርቶ የመጣ የእጅ ሥራ አንቀበልም አለ። ያቺ ሰፌድ ጡረታ ወጣች ማለት ነው። ቀጠለና፣ ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው ዕጣ ያወጣሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ከማያውቀው ሙያ አንዱን ከከተማው ሰው ይማራል፤ ዓመቱ ሲዘጋ በወላጆች በዓል ላይ እዚሁ ግቢ ውስጥ በእጁ ሠርቶ ያሳያል አለን። ወላጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። መንካት የለም። አንድ አባት እጁን አውጥቶ፣ ካልቻሉስ ብሎ ጠየቀ። መምህር ጌታሁን እጁን አወናጨፈና አለመቻልም ትምህርት ነው፣ ይውደቁና ይነሡ አለ።

«መምህር» አለ አባትየው፣ «እኔ ልጄን የላክኋት ለመነሣቱ ነው። መውደቁን እቤቷም ትችለዋለች።»

ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ውሳኔው ግን ጸና።

ዕጣው ሲወጣ ለአንዱ ቡድን የልብስ ስፌት፣ ለአንዱ የባጃጅ ጎማ መለጠፍ፣ ለአንዱ ኮምፒውተር ደረሰው። ሰሚራ ኮምፒውተር እንዲደርሳት ዱዓ አድርጋ ነው የሄደችው። አላህ ሌላ አሰበላት፤ አቀል ደረሳት።

አቀል የሶማሌ አርብቶ አደር ቤት ነው። ቀጫጭን እንጨት ጎብጦ መሬት ይተከላል፣ አናቱ ላይ ይታሰራል፣ ከላዩ ሴቶች የሠሩት ወፍራም ምንጣፍ ይለብሳል። ዝናቡ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ቤቱም ፈርሶ በግመል ተጭኖ ዝናቡን ይከተላል። የሚሠሩትም የሚያፈርሱትም ሴቶች ናቸው። ወንዱ ግመሉን ይይዛል። ሰሚራ ይህን ሁሉ በሚገባ ታውቀዋለች፤ በፈተና ቢመጣ ሙሉ ታገኝበት ነበር። ሥሪው ስትባል ግን ፊቷ ተለወጠ። ሌላው ኮምፒውተር ሲነካ እኔ ጎጆ ላቆም ነው ወይ ብላ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ወረወረችው።

ከቡድኗ ልጆች አንዷ የጎረቤታችን ልጅ ሆዳን ናት። ሆዳንን መግለጽ ቀላል ነው፤ የሰሚራ ተቃራኒ ናት። የሒሳብ ፈተና ስትወድቅ ወረቀቱን በአውሮፕላን ቅርጽ አጥፋ ከነውጤቱ ታበረዋለች። አንድ ክፍል ደግማለች፤ የደገመችበትን ምክንያት ስትጠየቅ፣ መምህሩ ደግ ስለነበሩ ልለያቸው አልፈለግሁም ትላለች። ዕጣውን ስትሰማ እየዘለለች ነው ቤት የገባችው።

አሰልጣኝ መፈለጉ ላይ መምህር ጌታሁን ብዙ አልደከመም። የሆዳን አክስት ኤዶ ዘህራ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አላት። ኤዶ ማለት በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ እኛ ሠፈር ግን የሁሉም ኤዶ ናት፣ ትንሹም ትልቁም አንቺ ነው የሚላት። መምህሩ ሱቋ ድረስ ሄዶ አቀል ያስተምሩልን እንደሆነ ብሎ ሲጠይቃት እኔ መጋረጃ ላሰፋ ጨርቅ እየመረጥኩ እዚያው ነበርኩ።

«እንዴታ» አለች ኤዶ ዘህራ። «ይሄማ ደማችን ውስጥ ያለ ነው።»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ጨርቁን የሚለካው እጇ ለአፍታ ቆሞ ነበር። እኔ አየሁት። መምህሩ አላየውም፤ አመስግኖ ኮፍያ እንዳጣ ሄደ።

ኤዶ ዘህራ ጅግጅጋ ተወልዳ በብሎኬት ቤት ያደገች የከተማ ሰው ናት። መምህሩ የሶማሌ ሴት ሁሉ አቀል ማቆም ችላ የምትወለድ መስሎታል፤ እሷ ደግሞ አልችልም ማለት አያቶቿን መካድ መስሏታል። እኔን ወሎዬ ስለሆንሽ ተነሺና መንዙማ አውጪልን እንደማለት ነው። ወሎዬ ነኝ፤ ድምፄ ግን ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ነው። ቢሆንም ሰው ፊት አልችልም ከማለት እኔም አንድ ሁለቴ ጉሮሮዬን መጥረጌ አይቀርም።

ሥልጠናው ተጀመረ። ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ኤዶ ዘህራ እንዲህ አጉብጡት፣ እንዲህ እሰሩት ትላለች፣ ሰሚራ በማስመሪያ እየለካች ታደርጋለች። ኤዶ አንዳንድ ጊዜ መሐል ላይ ስልክ ተደወለልኝ ብላ ከግንቡ ጀርባ ትሄድና ስትመለስ ቀድሞ ያለችውን ትለውጣለች። ልጆቹ የንግድ ስልክ ነው ብለው ያምናሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ሰው የራሱን ጉድጓድ ሲቆፍር አካፋ ማቀበልም መቀማትም ደግ አይደለም።

የበዓሉ ቀን ሲቃረብ ልምምድ ሆነ። ተማሪው በሙሉ ወጥቶ እንዲያይ ተደረገ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በአገራችን ምንም ነገር ሲሠራ ፊቱ ወደ ክብር እንግዳ ነው። ዘፈኑ ወደዚያ ይዘፈናል፣ አበባው ወደዚያ ይቀመጣል፣ ችግኝ እንኳ ሲተከል ቅጠል የበዛበት ጎን ወደዚያ ይዞራል። የአቀሉም በር እንግዳው ውስጡን እንዲያዩ ተብሎ ድንኳኑ ወደሚተከልበት ቦታ እንዲያይ ተደረገ። ቦታው ደግሞ በካራማራ አቅጣጫ ነው።

ነፋሱ የመጣው ገና ሳይጨበጨብ ነው። እንደማንኛውም ጨዋ እንግዳ በበሩ ገባ። መውጫ ሲያጣ ግን ጨዋነቱ አለቀ። አቀሉ ተነፋ፣ ከመሬት ብድግ አለ፣ እንጨቱ ተፈናጥሮ ምንጣፉ በየፊናው በረረ። አንደኛው ርዕሰ መምህሩን ከአንገታቸው እስከ ጉልበታቸው ጠቀለላቸው። ተማሪው በሳቅ ተንከተከተ። ሆዳን ከሁሉም ቀድማ ሳቀችና ምንጣፉን እያሳደደች ሮጠች። ሰሚራ አንድ እንጨት ብቻ እንደያዘች በባዶው መሐል ቆማ ቀረች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ሆዳን ናት፤ ስትነግረኝም ሳቋ ገና አላለቀም ነበር። ሰሚራ ምንም አልነገረችኝም። ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ምሳዋ ቀዘቀዘ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠችና፣ እስከ በዓሉ ታማለች ብለሽ ንገሪልኝ አለችኝ።

ካልተገኘች የሙያው ውጤት ይቀርባታል፤ ያ ማለት አንደኝነቷ ይቀርባታል። እኔን ያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም። ይቺ ልጅ ገመድ ትታለች፣ ብስክሌት ትታለች፤ ዛሬ ደግሞ ሰው ስለሳቀባት ትምህርት ቤቱን ልትተው ነው። ነገ ከእኔ በላይ ትማራለች፤ እኔ ወደማላውቀው ክፍል፣ ወደማላውቀው ከተማ ትሄዳለች። እዚያ አንድ ነገር እጇ ላይ ሲፈርስ ፊቷን የምታዞርበት ግድግዳ የት ታገኛለች?

በዚህ መሐል እጄ አላረፈም። ጓዳ ገብቼ የልብስ ማስጫ ሽቦ አየሁ። መዶሻ አየሁ። ሚስማር ቆጠርኩ። ምን አለበት፣ ሰው ሳያየኝ ሄጄ ያንን ቤት ሰንጌ ብቸነክረው? አባቷ ሾፌር ነው፤ በዚያ ሳምንት ሸደር መንገድ ላይ ነበር። ደውዬ ባማክረው፣ ሚስማሩ ስንት ቁጥር ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሁለታችንም አንድ ነን ማለት ነው።

የአሱር ሰላት ደረሰ። ውዱዕ አድርጌ ሰገድኩና መስገጃዬ ላይ ቆየሁ። የእኔ እጅ ሥራ የሚፈታው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ባዶውን ተዘርግቶ ይቀመጣል፣ የሚሰጠውን ይጠብቃል። ያን ዕለት ብዙ ዱዓ አላደረግሁም፤ መዳፎቼን ብቻ ሳያቸው ቆየሁ። ተነሥቼ መዶሻውን ወደ ቦታው መለስኩት።

«ታማለች አልልም» አልኳት ሰሚራን። «ቤቱ ወድቆባታል ማለት ግን እችላለሁ።»

«እሱንማ ሁሉም አይቷል» አለች ወደ ግድግዳው።

«እንግዲያው የምነግራቸው የለኝም።»

ማምሻውን ኤዶ ዘህራ ሆዳንን አስከትላ መጣች። እንደ ልማዷ ከበር ጀምራ አልቀለደችም፤ ሰሚራ ታማለች በዪልኝ ማለቷን በሩ ላይ ሹክ አልኳት፤ ጫማዋን አወለቀችና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ስሰጣት፣ ስኳሩን ሳትቀምስ «አባዮ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ሰሚራ ጀርባ ዞረችና፣ አቀል አቁሜ አላውቅም አለች። ያስተማርኳችሁን በየቀኑ በስልክ የምጠይቀው አዲጋላ ያለችውን የእናቴን ታናሽ እህት ነው፤ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ የጎደለውን ከራሴ እየጨመርኩ ነበር አለች።

ሰሚራ ከግድግዳው ዞረች። እንደዚያ ተገርማ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ትልቅ ሰው፣ ያውም አስተማሪ፣ አላውቅም ይላል ብላ አስባ አታውቅም።

«ታዲያ ለምን አውቃለሁ አልሽ?» አለቻት።

«አንቺስ ለምን ታመምኩ ልትዪ ነበር?»

ሆዳን ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ መሰለኝ። ሰሚራ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ያሰበችው ቁጣ ጠፍቷት እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ አዲጋላ ይደወል ተባለ፤ ዛሬ ከግንብ ጀርባ ሳይሆን በግልጽ፣ ድምፁ ተከፍቶ።

አዲጋላ የድሮው ባቡር ጣቢያ ያለባት ከተማ ናት። አሮጊቷ ባቡሩን አሻግረው ሲጣሩ የኖሩ ስለሆኑ ይሁን ስልኩን ስላላመኑት፣ ብቻ የሚናገሩት ጅግጅጋ ድረስ በአፋቸው ሊያደርሱት ይመስል እየጮሁ ነው። በሶማሊኛ ነው፤ እኔ ያመለጠኝን ሆዳን ትተረጉምልኛለች። ቤቱ ወደቀብን ተባሉ።

«ውስጡ ሰው ነበረ?»

አልነበረም አሏቸው።

«ታዲያ ማን ሞቶ ነው ልጅቷ የተኛችው?»

ሰሚራ ፍራሹ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። አሮጊቷ ጥያቄያቸውን ቀጠሉ። እንጨቱ ርጥብ ነበር? አይ፣ ደረቅ ነው። ማሰሪያው ምንድን ነው? ላስቲክ። በሩስ ወዴት ነበር የሚያየው? ወደ ክብር እንግዳው። እዚህ ላይ ስልኩ ጸጥ አለ፤ ኔትወርክ ሄደ ብለን ተያየን። ኔትወርክ አልሄደም፤ ሴትየዋ እያሰቡ ነበር። የክብር እንግዳ የሚሉት ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ሆዳን፣ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ የሚመጣ ትልቅ ሰው ነው ብላ አስረዳች።

«ዘግይቶ የመጣ ሰው በሩን ዞሮ ይፈልግ» አሉ አሮጊቷ። «በር ለነፋስ ጀርባውን ይሰጣል። ስለ ሰው እኔ አላውቅም።»

በማግስቱ ሰሚራ ትምህርት ቤት ሄደች። በሩ ላይ አንዳንዱ ልጅ እጁን እንደ ምንጣፍ እያራገበ ሳቀባት አሉ። ተመልሳ አልመጣችም። ከሰዓት ልምምዱ ኤዶ ዘህራ ግቢ ሆነ፤ እንጨቱ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከረመ፣ ማሰሪያው በቃጫ ገመድ ተተካ። እኔ ወንበር ተሰጥቶኝ አያለሁ። ቤቱ መጀመሪያ ወደ ግራ ወደቀ። ሰሚራ ፊቷ ቀላ፣ ከንፈሯን ነከሰች፣ ውሃ ጠጣች፣ እንደገና ጀመረች። ቀጥሎ አናቱ ላይ ተፈታ። እኔ ቋጠሮው የት ጋ እንደላላ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል፤ ወይም የሚታየኝ ይመስለኛል። ያቺ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ? እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አስገባሁና ተቀመጥኩባቸው። ልጅ ማሳደግ ብዙ ነገር ይጠይቃል ይባላል፤ እንዲህ ያለ ክብደት ግን ማንም አልነገረኝም።

ጎበጥ ያለች፣ ትንሽ ዘመም ያለች ቤት በመጨረሻ ቆመች።

የበዓሉ ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ድንኳኑ ግንባር ላይ «ወድቆ መነሣት ክህሎት ነው» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ። ልጆቹም አቀላቸውን በጠዋት አቆሙ፤ በሩን ወዲያ፣ ጀርባውን ወደ ድንኳኑ አድርገው። መምህር ጌታሁን ሲያይ ደነገጠ። ርዕሰ መምህሩ የባሰ ደነገጡ፤ ምንጣፉን አልረሱትም። እንግዳው ሲቀመጡ የቤት ጀርባ ነው ወይ የሚያዩት፣ አሁኑኑ ይዙር አሉ። መምህሩ መጥቶ ለልጆቹ ነገራቸው። ሆዳን እንኳ አልሳቀችም። ሁሉም ሰሚራን አዩ፤ በሕይወቷ መምህር እንቢ ብላ የማታውቀዋን ሰሚራን።

እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፤ ነፋሱ ግን ያን ዕለት ለእኔ አደረሰልኝ።

«ቲቸር፣ ቤቱ ከዞረ ይወድቃል። እንግዳው ግን ቢዞሩ አይወድቁም።»

መምህር ጌታሁን እጁን ሊያወናጭፍ አነሣና መልሶ አወረደው። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ሄዶ ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ ቤቱ ሳይዞር ቀረ።

እንግዳው እንደተለመደው ዘግይተው መጡ፣ ተቀመጡ፣ የምንጣፉን ጀርባ ተመለከቱ። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ጫማቸውን ያያሉ። ነፋሱም እንደተለመደው መጣ፤ እሱ ግን አልዘገየም። መጀመሪያ የመድረክ መሪውን ወረቀት ወሰደ። ቀጥሎ «ወድቆ መነሣት ክህሎት ነው» የሚለውን ጨርቅ ከአንድ ጥጉ ገነጠለውና ጣለው። ጨርቁ ወደቀ፤ የሚያነሣው ግን አልተገኘም፤ ምክንያቱም እጅ ያለው ሁሉ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፎ ነበር። ዓይኔ ከአቀሉ አልተነቀለም። እንጨቱ ሲጢጥ አለ፣ ቤቱ ወደ ቀኝ ዘመመ፣ ሰሚራ ጣቶቿን ጨበጠች። ከዘመመበት አልመለስም አለ። አልወድቅምም አለ።

እንግዳው አቧራውን ከዓይናቸው እየጠረጉ ተነሡና ዞረው በሩን ፈለጉ። የአቀል በር ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከዚያ አልወጡም። ውስጡ ነፋስ የለም፣ አቧራ የለም፣ ኤዶ ዘህራ ምንጣፍ አንጥፋለች። የመድረክ መሪው ወረቀቱን ቢያጣም ድምፅ ማጉያውን አላጣም፤ ክቡር እንግዳችን እባክዎን ወደ ድንኳኑ ቢመለሱልን እያለ ሲለምን ከውስጥ የተሰማው፣ ንግግሩን እዚሁ ብታመጡት ምን ይለዋል የሚል ድምፅ ብቻ ነው። ኤዶ ዘህራ ወዲያው አዲጋላ ደወለች። አሮጊቷ ያሉት፣ ይኸው በሩን አገኙት አይደል ወይ ነው አሉ።

ለሰሚራ ከአሥር ሰባት ተሰጣት። ዘሟል ተብሎ። ወረቀቱን ሳየው ለመምህሩ የምለው ነገር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ጫማዬን ሁሉ ፈልጌ ነበር። ሰሚራ ግን ወረቀቱን ተቀበለችኝና «ዘሞ ነበር እኮ እማዬ» ብላ ምሳዋን በላች። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ወጣች። እኔ ሰማይ የሚሆነውን ለማየት አንዴ ቀና ብዬ ነበር፤ እንደነበረ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

አሁን በዓሉ ያለቀ ዕለት የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። አቀሉ ፈርሶ ወደ ኤዶ ዘህራ ቤት መመለስ ነበረበት። ግመል የለም፤ ባጃጅ ተጠራ። የወላጅ እገዳው ተነሥቷል፣ እኔም ስንት ቀን የተቀመጥኩባቸውን እጆቼን ነጻ አውጥቼ ምንጣፉን ልጠቀልል፣ ከባጃጁ አናት ላይ ላስር ቀረብኩ። ሃያ ዓመት ዕቃ ሳስር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ምን ይከብዳል ብዬ። ምንጣፉ ግን ሲጠቀለል በወዲህ ይገፋል፣ በወዲያ ይተረተራል። ገመዱን ሳጠብቀው ይንሸራተታል። የባጃጁ ልጅ ጥሩንባ ያሰማል። ሰሚራና ሆዳን የየራሳቸውን ጠቅልለው ጨርሰው ቆመው ያዩኛል። ሰሚራ ጥቂት ታገሠች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና በጣም በደግ ድምፅ፣

«ተይው እማዬ፣ እኔ ልሥራልሽ» አለችኝ።

ያቺን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስናገራት ከዚያኛው ወገን ሆኜ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ደግ ቃል ናት። ግን ሰውን እንዴት እንደምታሳንስ፣ የያዘውን ገመድ በእጁ ላይ እንዴት እንደምታከብድ፣ እናንተም አንድ ቀን ልጆቻችሁ ይበሏችሁና እዩት።

«አይሆንም» አልኳት። «ልሞክረው።»

አሰርኩት። ተሳፈርን። ሠፈር ሳንደርስ ምንጣፉ ሁለቴ ወደቀ፤ ሁለቴም ወርጄ አነሣሁት። ሰሚራ ከባጃጁ አልወረደችም። ዞር ብዬ ሳያት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀምጣባቸዋለች።